ቤት ያልመታ

አርባ ስም በወረቀት፣ አርባ ቁጥር ይዤ፣
በቂርያት ጋት ሐሩር በእግሬ ተጉዤ፣
ፎቅ እወጣለሁኝ ሊፍት በማይሠራበት፣
ደወል እጫናለሁ ስም ባልተጻፈበት።
«ባለፉት ሁለት ሳምንት፣ በቀንም በሌሊት፣
ተሰምቶዎት ያውቃል ወይ» እላለሁ «ብቸኝነት?
ከዜሮ እስከ አራት ይንገሩኝ በቁጥር፤
ዜሮ በጭራሽ ነው፣ አራት ዘወትር።»

ወይዘሮ ውዲቱ ጥያቄዬን ሰምተው፣
«ይመስገን» አሉና ቀሩ ፊቴን አይተው።
ደግሜ ጠየቅሁኝ፦ «ሦስት ነው ወይስ ዜሮ?»
«ይመስገን ነው ልጄ፤ ምን ቁጥር አለው ኑሮ?»
ለይመስገን የሚሆን ሳጥን ስላጣሁኝ፣
ዜሮዋን አክብቤ ደረጃ ወረድሁኝ።

ሠላሳ አንዱ ከፈቱ፤ ዘጠኙ ዝግ ናቸው፤
ሰንጠረዡ ላይም ባዶ ነው መስመራቸው።

ኦርሊ አለቃዬ ደምራ አካፍላ፣
አንድ ነጥብ ሁለት የሚል ቁጥር ፈልፍላ፣
ሥዕል ሠራችለት በሰማያዊ ቀለም፦
«የዚህ ሰፈር አረጋዊ ብቸኛ አይደለም።»

እኔ ግን በየደጁ ሳነጋግር ያን ሁሉ ሰው፣
አላየሁም አንድ ነጥብ ሁለት የሚያለቅሰው።
አቶ አስናቀው አራት አሉ፣ እጄን ይዘው ቆዩ፤
ጎረቤታቸው ዜሮ፣ እየሳቁ እኔን ሲያዩ።
ሁለቱን ብትደምር፣ ለሁለት ብትገምስ፣
ሁለት ይላል ቁጥሩ፤
ሰውየውስ?

አባቴ ለምሳሌ፣ ስምንት ቁጥር አውቶቡስን «ሁልጊዜ ያረፍዳል» ይለዋል፤
በሰዓቱ የመጣለትን ቀን ግን ተሳፍሮ ይረሳዋል።
የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ ያቆሰለውን ይቆጥራል።
ሰንጠረዡም የራሱ መርሳት አለው፦ የመለሰለትን ይቆጥራል።

ኦሪት እንኳ አትፈርድም በአንድ ምስክር ቃል፤
ሁለት ሦስት ካልቆሙ ነገሩ ይቆያል።
ሠላሳ አንድ ምስክር ግን ቢመጣ ከአንድ ወገን፣
ብዛቱ ምን ያደርጋል? ይመስገን በይመስገን!

«በር የሚከፍት እኮ» አልኳት ለኦርሊ «ሰው ያልራቀው፣
ደወል ሲጮህ ልጁን መጣ ብሎ የሚጠብቀው።
ሰው የጠፋበት ሰው አይመጣም ከበሩ፤
ባዶዎቹን አንብቢ፣ እዚያ ነው ምሥጢሩ።»
እሷም ዝም አለችኝ። እኔም ኮራሁ ትንሽ።

በግጥም ቤት ይመታል፤ እኔ በር መታሁ፤
ዘጠኝ ስንኝ ግን ቤት ሳይመታ ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣
ወጣሁ ሦስተኛው ፎቅ፣ አቶ ቸኮለ ጋ።
ሰባት ጊዜ ደወልኩ። በቡጢም ደበደብኩ።
በልቤ እንባቸውን፣ ጨለማቸውን አሰብኩ፤
ባዶውን ወንበር፣ ቀዝቅዞ ያደረ ወጥ፣
ለኦርሊ ላሳያት ሐዘናቸውን እንደ ጌጥ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ቸኮለ በካናቴራ፣
በእጃቸው የመስሚያ መሣሪያ፣ ባትሪው የማይሠራ፤
ከኋላቸው ሦስት ጎረቤት ካርታ ይዞ ይሟገታል፤
ቴሌቪዥኑ ጮኾ ግድግዳ ይመታል።
ጥያቄውን በጩኸት አነበብኩላቸው።
«ብቸኝነት? ዜሮ!» አሉ «ኧረ ከዜሮም በታች፤
እነዚህ መች ይሄዱልኛል? ግቢ፣ ሐብሐብ አለች።»

ልንገራችሁ እውነቱን፦ ቅር አለኝ ለአፍታ።
ሐዘን ፈልጌ ነበር፣ ለክርክሬ መከታ።
ሠላሳ አንዱን ነቅፌ፣ ሳልጨምር ሌላ ቁጥር፣
ለካ እኔም በአንድ ምስክር ልፈርድ ነበር።

ሐብሐቤን በላሁና አፌን ጠርጌ ወጣሁ፤
ከባዶው መስመር አንዱን በዜሮ ሞላሁ።
ይህች ዜሮ እንኳ ከውዲቱ ዜሮ ጋር አንድ አይደለችም፤
ወረቀቱ ላይ ግን ማንም አይለያትም።

ሰንበት እየገባ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣
ስምንቱን ስም ይዤ፣ ሐዘን ነው ደስታ ነው ሳልል፣
ወረድኩ።
እሑድ ጠዋት ደግሞ አንኳኳለሁ።