ቃለ ጉባኤ

የስብሰባው ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት።
(የተጀመረው ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ እሱን አልጻፍኩት።)
ቦታ፦ የቀበሌው አዳራሽ፤ የጣራው ቆርቆሮ
የአዳማ ነፋስ ሲነካው፣ እጅ ሳያወጣ የሚያሰማ እሮሮ።
የተገኙ ብዛት፦ በፊርማ ስልሳ ሁለት፣
በወንበር ሠላሳ አራት።
(ፊርማው ለስኳር ተራ ያገለግላል ሳይባል አልቀረም።)

አጀንዳ አንድ፦ ከተራራው የሚወርደው የጎርፍ ቦይ፤
ክዳኑ ከክረምት በፊት ይደርሳል ወይ?
ሰብሳቢው አቶ ደጀኔ ሁንዴ ማይኩን በጣታቸው መቱ፤
መብራት አልነበረም፤ ከልማድ ነው መምታቱ።
"ይሰማል?" አሉ። "ይሰማል" አልን፤ ያለ ማይክም ድምፅ አላቸው።
"በጀት" አሉ፣ "ጥናት" አሉ፣ "የሚመለከተው አካል" አሉ፤
እኔም "በሰፊው ተብራርቷል" ብዬ አሳጠርኩላቸው።

ባለባጃጁ ሸምሱ ተነሣ፤ አምና ሐምሌ ቦዩ የበላበትን ጎማ፣
ከነተሳፋሪው የወደቀበትን ጨለማ
ሊናገር ጀምሮ፣ "ከአጀንዳ አትውጣ" ሲሉት ሰማ፤
ተቀመጠ። ጻፍኩ፦ "አስተያየት ተሰጥቷል።"
ከጀርባዬ ሰው ስቋል።

ወይዘሮ ይርገዱ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ፣
ቤቷ ከቦዩ አፍ ላይ፣ ጎርፍ የማይከፍል ተከራይዋ፣
እስከ መጨረሻው ዝም አለች። ዝምታ ቃለ ጉባኤ ላይ ቦታ የለውም፤
"ተቃውሞ አልቀረበም" በሚለው ሥር ይገባል፤ ሌላ ዓምድ አልሠራንለትም።

ውሳኔ፦ ጉዳዩ ከክፍለ ከተማው በደብዳቤ ይጠየቅ።
አጀንዳ ሁለት፣ የመንገድ መብራት፣ ለሌላ ጊዜ ይጠበቅ።

*

ሰኞ ማለዳ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ አባርቶ፣
ቦዩ ከላይ ያግበሰበሰውን እያጓራ ሞልቶ፣
ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ፣
የቤት በር አየሁ፣ ቦዩ ላይ እንደ እህል የተሰጣ።
አረንጓዴው ቀለም የተላጠ፣ ማጠፊያው እንኳ ያልወለቀ፣
እጀታው ወደ ሰማይ፣ ማን ይከፍተኛል ብሎ የጠበቀ፤
መሐሉ ላይ በነጭ፣ በቀበሌያችን እጅ የተጻፈ፣
"የቤት ቁጥር 214"፤ ስንት ጫማ በላዩ አለፈ።
ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፤
በሩ እንደ ከበሮ መለሰላት፤ ደግማ ልትሻገር ተመለሰች።

ማዶ፣ በበሩ ፈንታ የተንጠለጠለ የአልጋ ልብስ፣
ነፋስ ማንንም ሳያስፈቅድ ሲመላለስ።
"ሌባስ?" አልኳት። ሽንኩርቷን በመደብ እየደረደረች፣
"ሌባም በሬ ላይ ተሻግሮ ነው የሚመጣው፤ ጎርፍ ግን መች ያንኳኳል?" አለች።

*

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ወጣ፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም ያለው፤
"ያለ ፈቃድ የተሠራ መሻገሪያ በአምስት ቀን ይነሣ" የሚለው።
የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልክድም። "እናሳስባለን" የሚለው የኔ ነው።
(ስለ ክዳኑ የጻፍኩት ግን፣ መልሱ እስካሁን መንገድ ላይ ነው።)

ተላላኪው ኢፋ ደብዳቤውን ይዞ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አለ፣ አሥራ አምስትም አለ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራትን፣ ቆሞበት፣ "የት ነው?" አለ።
ወደ ታች አይቶ ሳቀ። ደንቡ "ተቀባይ ከሌለ በር ላይ ይለጠፍ" ይላል፤
ለጠፈው። የራሰ እንጨት ማስቲሽ መች ይይዛል?
ማታ ስመለስ ነፋሱ አንዱን ጥግ አንሥቶ፣
ማኅተሙ ጋ ሲደርስ ገንጥሎ አውጥቶ፣
ወደ አሮጌው ሐዲድ በኩል ይዞት ሄደ።
እኔም በበሩ ላይ ተሻገርኩ። ከእግሬ ሥር ውሃው ወረደ።

*

ቀጣዩ ቅዳሜ። "ባለፈው ላይ የሚጨመር አለ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣
ይርገዱ እጇን አወጣች፤ ጣራው እንኳ ዝም አለ፤ ነፋስም ያውቃል መጠበቅ።
"ይጻፍልኝ፦ በሬን አበደርኩ እንጂ አልጣልኩም። ክዳኑ ሲደርስ፣
ታጥቦ፣ ቁጥሩ ሳይለቅ፣ ወደ ቦታው ይመለስ።"
ሰብሳቢው ዞረው አዩኝ።
ብዕሬ በልማዱ "አስተያየት ተሰጥ..." ብሎ ሲጀምር፣
ሰረዝኩት። ቃሏን እንዳለ ጻፍኩ፣ አንዲት ፊደል ሳትቀር።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ላይ ተዘጋ።