የኦብረን መቅዘፊያ

ታራ ልቧ የሚያብጠው ግንቦት ወሩ ሲገባ፣
የሞንቴኔግሮ ተራራ በረዶውን ሲያነባ።
ሰማይ ከላይ ቀጥኖ እንደ መቀነት ጫፍ፣
ገደል ከግራ ቀኝ፣ ጥድ ተጣብቆ ካፋፍ፤
ውሃው አረንጓዴ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣
ሲነኩት ተናካሽ፣ ሲያዩት ግን ተጣሪ።

አባቴ ኦብረን በዚህ ውሃ ጀርባ
ሠላሳ አንድ በጋ ቀዝፎ ወጣ ገባ።
በአያቴ ዘመን ታንኳ የሚሉት
ዘጠኝ የጥድ ግንድ ነው፣ በሽቦ ያሰሩት፤
ነድተው ካደረሱት እስከ መሰንጠቂያ፣
ታንኳቸውን ሸጠው በእግር ወደ ማደሪያ።
ዛሬ ላስቲክ ሆኗል፣ በፓምፕ የሚነፋ፣
የምነፋውም እኔ፣ ትንፋሼ እስኪጠፋ።

እንግዶቹ አራት ናቸው፤ ባልና ሚስት ሙሽራ፣
መምህርት ጡረተኛ፣ ወፍ ስትቆጥር የምትኮራ፤
ሌንደርት አራተኛው፣ የሮተርዳም ጌታ፣
«የዋና ሜዳልያ አለኝ» ብሎ የሰደርያውን ማሰሪያ ፈታ።
አባቴ ዝም ብሎ መልሶ አሰረለት፣
እንደ ሕፃን ጫማ ሁለት ጊዜ ቋጠረለት።

ድልድዩን አለፍን፣ በአምስቱ ቅስት ጥላ፤
ሙሽራው ከኋላዬ ዳቦ በአይብ ይበላ።

«የአማት ምላስ» ይሉታል ያንን ጠባብ ፏፏቴ፤
ከመድረሳችን በፊት ተነሳ አባቴ፤
ዓይኑን ጨፈነና አንገቱን ሰበረ፣
ጆሮውን ለውሃዋ ለአፍታ አበደረ።
«ግራ!» አለ። «ግራ! አሁን ቀኝ! በርቱ!»
ጀልባዋ ታጠፈች እንደ ወረቀቱ።

ስንወጣ ቆጠርኩኝ፤ ሦስት ነው የቀረው ሰው፤
ሌንደርት የለም። ቁሩ ነው ከሩቅ የሚታየው።
ዋናተኛው ዋኘ፣ ክንዱ እስኪዝል ቀዘፋ፤
ወንዟ ሜዳልያ አታውቅ፣ አሽከረከረችው በአረፋ።
አባቴ አልጮኸም፤ መቅዘፊያውን ገልብጦ
እጀታውን ዘረጋ፣ በደረቱ ተለጥጦ።
«ያዝ!» አለው በገዛ ቋንቋው፤ ያም ሳይገባው ያዘ።
ጎትተን አስገባነው፣ ከንፈሩ እንደ ደነዘዘ።

ጠጠሩ ላይ ወጥተን እሳት ተቀጣጠለ፣
የፕሪም አረቄ በጣሳ ታደለ።
ሌንደርት ጥርሱ ሲጋጭ ጣሳውን ጨበጠ፤
«ይህችን ወንዝ» አለ፣ «ማን ነው በዋና የበለጠ?
አስተምረኝ።» እኔ አስተረጎምኩኝ፤
አባቴ እኔን አየኝ፣ እኔም መሬት አየሁኝ።

«ንገሪው ስታኒያ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ደበቅኩት በፈገግታ፤
ከጉልበት በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም፣
አንድም ቀን፣ በጨዋታ።»

ሙሽሪት ሣቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።
መምህርቷም ወፍ መቁጠር አቆመች።

«ዋና የሚያውቅ ሰው» አለ፣ «ውሃን ይንቅና
ብገለበጥስ ይላል፣ ክንድ አለኝ ይልና።
እኔስ ፈሪ ነኝ፤ ስለዚህ ነው የሰማኋት፤
ስታጉረመርም ዞርኩላት፣ ስትስቅም አላመንኳት።»

ይህንን ግን አልተረጎምኩም፦ ገና በዘጠኝ ዓመቴ
ከከተማው ገንዳ ዋና ተማርኩ፣ ሳይሰማ አባቴ።
ሁልጊዜ ከኋላው፣ ጥጉ ላይ የምቀመጠው፣
እሱ ወንዟን ሲያዳምጥ፣ እሱን ነው የማዳምጠው።

መሸ። እንግዶች ሄዱ። ጀልባዋ ተነፈሰች፣
እንደ ደከመች ላም ጠጠሩ ላይ ተኛች።
ሰደርያ ሳሰጣ፣ ያ የአባቴ ቋጠሮ አለ፤
ውሃ ጠጥቶ ጠብቆ፣
ለጥርሴም አልፈታ አለ።