የጡጫው ድምፅ

ጡጫው የሱ ነበር፤ ድምፁ ግን የኔ ነው፤
ይህን የሚመሰክር ዛሬ የቀረ ማነው?

ኪዮቶ፣ ኡዙማሳ፣ ከስቱዲዮው ጓሮ፣
ጠባብ ክፍል ነበረኝ በምንጣፍ ታጥሮ፤
አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ እርጥብ ፎጣ፣
ሦስት ጥቅል ጎመን ማለዳ የመጣ።
እሱ በሸራው ላይ ቡጢ ሲሰነዝር፣
እኔ በጨለማ ጎመኔን ስሰብር፣
ስንቱ መንጋጋ ወልቆ ተሰማ በአገር!

ሙራኮሺ ሂዴጂሮ፦ ይህ የፖስተሩ ስም፤
እናቱ ስትጠራው ግን እንዲህ አልነበረም።
ቶኩማትሱ ነው ልጁ፣ ከኖቶ ጠረፍ ዳር፣
መረብ ሲጠግን ያደገ ከአጎቱ ጋር፤
ጉንጩ ላይ ያ ጠባሳ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው፣
የጩቤ አይደለም፤ መንጠቆ ነው የሠራው።

መጀመሪያ የቀጠሩት ለሬሳነት ነው፤
ጭቃ ላይ ተጋድሞ፣ ዝናብ እየመታው፣
ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፋ ስላልተነቃነቀ፣
ዳይሬክተሩ «ይሄን ልጅ አቁሙልኝ!» አለ፤ ተደነቀ።
ሌላው ሠርቶ ይሞታል፤
እሱ ሞቶ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያማ፦
ኮሌታውን ገልብጦ፣ ሲጋራ ነክሶ፣
ኒዮን በሚያለቅስበት መንገድ በዝናብ በስብሶ፣
ለአለቃው ታማኝ፣ ለባላንጣው እሳት፣
ሞተ፤ ተነሣ፤ ሞተ፤ በየሁለት ሳምንት።
የኦሳካ ወደብ ሸክም አውራጅ ሁሉ
ፊልሙ ሲያልቅ ኮሌታ ገልብጠው ይወጣሉ፤
እንደሱ ዓይን አጥብበው፣ እንደሱ ቀስ ብለው፣
ሚስት በር ላይ ቆማ «ኪራዩስ?» እስክትላቸው።

ያ ሁሉ የፈራው ሰው ደም ማየት አይችልም ነበር።
አንድ ቀን ቢላው ስቶ ጣቴን ትንሽ ቢነካው፣
ግድግዳ ይዞ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ ነጣ፤
«ለማንም እንዳትናገር።»
አልተናገርኩም። ይኸው እስከ ዛሬ።

ማታ ሥራ ሲያበቃ ይመጣል ወደኔ፤
የቀን ምርኮዬን፣ ስብርብር ጎመኔን፣
በሚሶ ቀቅዬ በትንሽ ምድጃ፣
ተቀምጠን እንበላለን በአሮጌው ስጋጃ።
«ዛሬ የማን መንጋጋ ነው?» ይላል ሳህኑን ይዞ፤
«የዚያ፣ ድልድዩ ላይ የጣልከው»፤ ይስቃል ትከሻው ተወዝውዞ።
ሰው ሳንነካ በእጃችን አገር ደበደብን፤
ጎመን በጤና ብለን፣ በልተን ጠገብን።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። የሲኒማው አዳራሽ
ቦውሊንግ ቤት ሆነ።
ሽጉጡን ቀሙትና ማንኪያ አስያዙት፤
ለካሪ ዱቄት ብለው በቀለም ሸጡት።
ልጆች መንገድ ላይ «ቅመሙ! ቅመሙ!» ይሉታል፤
እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣቸዋል።

በሰባ አንድ ዓመቱ፣ አንዲት ወጣት ዳይሬክተር
አባት አድርጋ ጠራችው፤
እኔንም ከጡረታ ቀሰቀሰችኝ።
ጽሑፉ ይላል፦ አባት ልጁን በጥፊ ይመታል።
ጎመን ገዝቼ ሄድኩ፤ ፎጣዬን አራስሁ፤ ሸራው በራ።
እጁ ተነሣች፤
አየር ላይ ቆየች፤
ጠረጴዛው ላይ፣ ከሩዙ ሳህን አጠገብ፣
ቀስ ብላ ወረደች።
ልጅቷ ዞራ አየችኝ።
«ይሄ ድምፅ የለውም» አልኳት፤
ጎመኑንም እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ሙሉውን፣ ወደ ቤት መለስኩት።

የካቲት ላይ ሞተ፣ ኖቶ በረዶ ጥሎ፤
የቀብሩ ፎቶ ላይ ጠባሳው ጠፍቷል፣
አጥፍቶት ነው አንዱ፣ ለመልካም ብሎ።
ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፣ እንደ ልማዴ።

ዛሬም ገበያ ስሄድ ጎመን አነሣና
በጣቴ አንኳኩቼ ጆሮዬን እጥላለሁ።
ባለሱቋ ወይዘሮ ሚቺዬ ትቆጣለች፦
«አንተ ሽማግሌ፣ ትገዛዋለህ ወይስ ታዋራዋለህ?»