መስመሩ ተይዟል

ኩሺሮ ወደብ ላይ ጉሙ ካረፈበት፣
የመርከቡ ጡሩምባ ከታፈነበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራቱ ደብዝዞ፣
ሐትሱኤን እንቅልፍ ጥሏታል ተጉዞ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ መርፌ ከነቱቦው
መንጭቃ ጥላለች፤ አንሶላው ደም አለው።
ሐኪሙ አዘዘ፦ «ጓንቱን አጥልቁላት፣
ወፍራሙን፣ ጣት አልባ፤ አንጓዋን እሰሩላት።»
ፈረምኩኝ። መዝገቡ ሁለት ቃል ነው ያለ፦
«ትረብሻለች ሌሊት።» ሌላም አልተባለ።

እንደ ቦክሰኛ ናት፣ ግጥሚያው የቀረባት፤
ሁለት ነጫጭ ኳሶች እጅ የሆኑላት።
ቀን ቀን ስሟን ስጠይቃት ፈገግ ብላ ታልፈኛለች፤
«ምን ወር ነው?» ሲላት ሐኪሙ፣ መስኮቱን ታየዋለች።

ሌሊት ግን አትጮህም። ጀርባዋን አቅንታ፣
የሰማንያ ስምንት ዓመት ድምጿን አጥርታ፦
«ስልክ ቤት ነው፣ አቤት፤ ምን ልታዘዝልዎ?
ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ አሁን ላገናኝዎ።»

የወንድሟ ልጅ ነው እሑድ የነገረኝ፣
ሰዓቱን እያየ፣ መንደሪን እያቀበለኝ፦
ሃያ ስድስት ዓመት፣ በዚህችው ከተማ፣
ገመድ ስትሰካ ኖራለች፣ የሰው ድምፅ ስትሰማ።
ሞት፣ ልደት፣ የዓሣ ዋጋ፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ
በጣቷ አልፏል ሁሉ፣ ከአፏ አንድም ሳይወድቅ።
ከዚያ ማሽኑ መጣ። አበባና ሰዓት ሰጥተው አሰናበቷት፤
ገመዱ ግን፣ ይመስለኛል፣ ከእጇ አልወጣላት።

ለካ ቱቦ አይደለም፣ ገመድ ነው ያየችው፤
ከወዲያ ጫፍ ያለውን ሰው ነው ያሰበችው።

ጓንቱን ፈታሁላት፤ ሐኪሙ አይወቅብኝ።
ያረጀ የቻርጀር ገመድ ነበረኝ።
አንሶላው ጠርዝ ላይ፣ ቀዳዳ በሌለበት፣
ሰካች፤ ነቀለች፤ ሰካች፤ ልክ በቦታው፣ ልክ በሰዓት።
ቱቦውን ረሳችው፤ መድኃኒቱ ጠብ... ጠብ... ይላል።
ዘጠኝ ቁጥር ጠራኝ፤ ቀየርኩለት፣ አልጋው ርሷል።

ስመለስ እዚያው ናት። ጎንበስ አልኩ ቀስ ብዬ፣
መዳፌን እንደ ስልክ ለጥፌ ከጆሮዬ፦
«ሄሎ፣ እባክዎ... ኦኩያማ ሐትሱኤን ነበር የፈለግሁት።
እዚያ ትኖር ይሆን?»
ገመዱ አየር ላይ ቆመ። ትንፋሿን ሰማሁት።
አዳመጠች ብዙ። ጡሩምባው ተነፋ።
«አለች፣» አለችኝ፣ ትሕትናዋ ሳይጠፋ፣
«መስመሩ ተይዟል እንጂ። ትንሽ ይጠብቁ።»

ወንበር ሳብኩ።
ጠበቅሁ።