ለሰውየው 85

ሣልስትህ ወጣ፤ ድንኳኑ ተነቀለ፤
ዕድር ወንበሩን ቆጠረ፣ አንድ ጎደለ።
ከፈልኩት። የመበለትነቴ የመጀመሪያ ዕዳ
አንድ የላስቲክ ወንበር ሆነ፤ እንዲሉ፣ ዕዳ ከሜዳ።

በማግስቱ የጎማ ቤትህን ቁልፍ ከሱሪህ ኪስ አውጥቼ
ፍራንኮ ወረድኩ፤ ቆርቆሮውን በትከሻዬ ገፍቼ።
አቧራው ቀድሞኝ ገብቶ፣
ኮምፕሬሰርህ ጥግ ላይ እንደ ደከመ በሬ ተኝቶ፣
ከመፍቻው ሳጥን ሥር፣ በግራሶ ወዝቶ፣
ደብተርህን አገኘሁ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶ።
በቀኝ ገጽ ያበደርከው፣ በግራ የተበደርከው፤
ሃያ ሁለት ስም፤ ሁሉም ባንድ ባጃጅ የሚደረስ ነው።

አንብቤ ሳልጨርስ መጡ።
«ነፍሱን ይማረው» አለ አንዱ፣ «ስድስት ሺህ አለኝ እሱ ዘንድ፤
ወረቀት የለንም፤ ቃል ነበረን፣ ወንድ ለወንድ።»
ሌላው ሳይቀመጥ ኮምፕሬሰሩን በዓይኑ መዝኖ፣
«ለዕዳው ልውሰደው» አለኝ፤ ድምፁ ብቻ ለኔ አዝኖ።
ታላቅ ወንድምህ ደግሞ፣ «ሙት አይከሰስም፤
አቃጥይው ደብተሩን፤ ዐመድ አይመሰክርም።»

አላቃጠልኩም። ለማንም አልፈረምኩ።
«ጊዜ ስጡኝ» አልኳቸው፤ በሩን ቆለፍኩ።

ከዚያ ወረፋ። ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት፤
ሦስት ፎቶ፣ ሁለት ምስክር፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ የተደረበበት።
ስምህን ጻፉት «ሟች»፣
ስሜን ጻፉት «አመልካች»፤
ያች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤታችን በአንዲት ማኅተም ተዘጋች።
የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ ሌንሳ፣ ብዕሯን ጥርሷ ላይ አድርጋ፣
«የሱ ዕዳ ከሱ ንብረት ይከፈል፤ ማንም በደፈናው አንቺን አይጠጋ፤
አብረሽ የፈረምሽው ካለ ግን እሱን ለይተሽ አምጪ» አለች።
ለቅሶ ቤት ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ይህች ቃሏ በለጠች።

ብድርና ቁጠባው፣ ፖስታ ቤት ጀርባ፣ የኮምፕሬሰሩ ብድር፤
በየወሩ ለመድን ስታስቆርጥ ኖረሃል፣ አሥራ ሁለት ብር።
ሳትነግረኝ፤ ሳልጠይቅህ። ያኔ በፋሲካ
ከዶሮው ብር ጎደለ ብዬ የነዘነዝኩህ፣ ለካ።
ያንተን የሞት ወረቀት ሰጠሁ፤
የብድርህን የሞት ወረቀት ተቀብዬ ወጣሁ።

ስልክህ ደግሞ አላረፈም፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የወሰዱትን
አሥር ብር የአየር ሰዓት አልመለሱም።» ሞልቼ ከፈልኩልህ ያችን።
«እናመሰግናለን» አለህ፤ ከሰው አፍ ያላገኘሁትን።

የዕቁቡን ግን ከኪሴ ነው፤ ዋስህ እኔ ነበርኩ።
ዕጣህን ወስደህ ነበርና፣ አሥራ አንድ እሑድ የሐጂ ንስሩን ደጃፍ ረገጥኩ።
እሳቸው ከዝርዝሩ ስምህን ይጠራሉ፣ «ጉርሜሳ!» ብለው፤
እኔ «አቤት» እላለሁ፤ ሰዉ ጫማ ጫማውን እያየ ነው።

ባለ ስድስት ሺሁን ወረቀት ብለው፣ ሊያመጣ ወጣ፤ ቀረ።
ካበደርካቸውም ግማሹ በኛ በር ማለፍ አስቀረ።
ይለፉ። የቀኙን ገጽ አልጮኽበትም፤
የግራውን ግን መስመር በመስመር ሰረዝኩት፤ አንተ ስም አታቆይም።

አንድ ብቻ ቀረ።
ከታች፣ በእርሳስ፣ ጠመም ብሎ፦
«ለሰውየው 85»።
ስም የለው፣ ቀን የለው።
ለየትኛው ሰውዬ?
ጋሪ ነጂውን ጠየቅሁት፤ ሳቀ።
ሎተሪ አዟሪውን፤ «ምነው እኔ በሆንኩ» ብሎ ቲኬቱን ነቀነቀ።
የድሬዳዋ መስመር ሾፌሮች፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ዘበኛው፤
ሁሉም ሰውየው አይደለም፤ ሁሉም ሊሆን የሚችል ሰው።

ስምንት ወር ሆነ። ሰማንያ አምስቱ ብር በፖስታ ታሽጎ
መፍቻው መሃል ተቀምጧል፣ ባለቤቱን ፈልጎ።
ከኮረብታው ነጫጮቹ ተርባይኖች ሲዞሩ፣ የሞጆ መንገድ ሲናጥ፣
ኮምፕሬሰሩን የማስነሳው እኔ ነኝ፤ እጄም ጀምሯል ግራሶ መዋጥ።
ጎማ ሊያስነፋ የሚቆመውን ሁሉ ፊቱን አይቼ እቆያለሁ።
«ምነው?» ይለኛል።
«ምንም፤ ምናልባት አለብን እንደሆን ብዬ ነው» እላለሁ።