የደመና ጀርባ

ሻለቃ ወንድይፍራው ጡረታ ሲወጣ፣
ደብረ ዘይት ያለ ቤቱን ሸጦ መጣ፤
ከጣርማ በር አፋፍ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ፣
አንዲት ክፍል ሠራ መስኮቷ ቆላ የሚያይ።
ጎረቤት ገረመው፦ «ብርዱ ቅልጥም ሰባሪ፣
ጉሙ ዓይን የሚነሳ፣ ምን ሊሆን ነው ኗሪ?»

እሱ ግን ማለዳ ባናውን ደርቦ፣
ወንበሩን ያወጣል፣ ካፋፉ ተጠግቶ፤
ጉሙ ከእግሩ በታች እንደ ሱፍ ሲነደፍ፣
ጥንብ አንሳው ከግርጌው ክንፉን ዘርግቶ ሲያልፍ፣
«አየኸው?» ይለኛል፣ «የደመና ጀርባ!
ያለ ነዳጅ ዛሬም ሰማይ ቤቴ ገባ።»

የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው። ገና በጎፈሬው
ሰማይ ነው በደሞዝ ወስዶ የቀጠረው።
ዓይኑን መረመሩት፣ ጥርሱን ቆጠሩለት፣
«እናትህ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁት።
አታውቅም ነበረ፤ ባቄላ ላይ ነበረች፣
ኋላ በፎቶ አይታው «ማነው?» ብላ ጠየቀች።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጦርነቱ ሲግል፣
ካንቤራ ያበር ነበር፣ ቦምብ በሆዷ የምታዝል።
መቶ አለቃ ሙሉሸዋ፣ አቅጣጫ አንባቢው፣
ካፍንጫዋ መስታወት በደረቱ ተኝቶ፣ ምድርን እያነበበው፣
«ግራ… ጥቂት ቀኝ… ያዛት!» ይላል እንደ አዋላጅ፤
ቦምቡ ሲለቀቅ ትዘላለች፣ እንስራ እንዳወረደች ልጅ።
ድምፅ አይሰማም። ከላይ ሲታይ ሁሉ ነገር ዝም ነው፤
አቧራ ብቻ ነው ከታች እንደ እንጉዳይ የሚያብበው።

ይህን ሁሉ ያወራል። ሜዳሊያውን ያሳያል።
አንድ ቀን ግን አለ፣ የካቲት፤ እሱ ላይ ሲደርስ ያስላል።

በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ፣ አውድማው ሲጠረግ፣
አንድ ኩንታል ገብስ ጭኖ ይወጣል እስከ መንዝ ጥግ።
መሐል ሜዳ፣ ወይዘሮ አበጀሽ ደጅ፣ ጆንያውን ያወርዳል፣
«የልጅሽ ጓደኛ ነኝ» ይልና ይሄዳል።
አሥራ ሰባት ጆንያ። አሥራ ሰባት ጊዜ ይኸው አንድ ቃል።
ሴትዮዋም ትመርቀዋለች፤ ምርቃት ደግሞ ያቃጥላል።

ባለፈው ዓመት እኔ ነኝ፣ አይሱዙ ነድቼ የወሰድሁት፤
ሱፍ እየፈተለች ነበር፣ እንዝርቷ ሲሾር አየሁት።
ጆንያው ወረደ። እሱ ግን አልሄደም።
ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ጓደኛው አይደለሁም» አላት።
«መልኩንም አላውቀው።
የካቲት ነበር። የኛ ጦር ሌሊቱን ኮረብታውን ይዟል፤
ወሬው ሳይደርሰን ነው የለቀቅነው።
ሙሉሸዋ ‹ሄደ!› አለ። አውሮፕላኗ ዘለለች።
ማታ ነው የነገሩን።»

እንዝርቷ አላቆመም። ክሩ አልተበጠሰም።
እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ፤
አንዲት ዶሮ ከጆንያው ያፈሰሰውን ትለቅማለች።
ቆይታ፣ በጣም ቆይታ፣ ቀና አለች፦
«ከላይ ስታየው ልጄ ቁመቱ ስንት ነበር?
በዚህ በር ሲገባ እኮ ጎንበስ ይል ነበር።»

ሻለቃው አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።
ከዶሮዋ ቀድሞ አንዲት የገብስ ፍሬ አነሣ፣
መዳፉ ላይ አኖራት፣
«ይቺንም አያህል» አለ።

ፍሬዋን ወሰደች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት፣ እንደ ገንዘብ።
«የከርሞውን ይዘህ ና» አለችው።
«አሁን ግን ስምህን ንገረኝ።»

ስንመለስ ጓሳው ላይ «አቁም» አለኝ።
ንፋሱ ሣሩን ወዲያና ወዲህ ያበጥራል።
ወርዶ ጥቂት ተራመደና
በደረቱ ተኛ፣ ልክ እንደ ሙሉሸዋ፣
ፊቱን ከምድር አንድ ስንዝር አርቆ።
ሞተሩን አጠፋሁ። «ጋሼ፣ አመመህ?»
«ዝም በል» አለኝ፣ ሣሩን በጣቱ እየከፈለ፣
«እያየሁ ነው።»