አውራ ጣት

ሃይፎንግ ወደብ ጀርባ፣ ዓሣ ከሚሸትበት፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ አለ አንድ መስኮት የሌለው ቤት።
ግድግዳው መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ስልክ ነው፤
ስምንት መቶ ሲሆን አንድም ባለቤት የለው።
ጀርባቸው ተገፎ፣ ባትሪያቸው ወጥቶ፣
እንደ ታረደ ዶሮ አንጀታቸው ታይቶ፣
በቀጭን ገመድ ታስረው ካንድ ምንጭ ይጠባሉ፤
ሌሊቱን በሙሉ ይወዳሉ፣ ይወዳሉ።

ጠባቂያቸው ዲየም አራት ሰዓት ማታ
ትመጣለች፣ ሩዟን በፌስታል አንግታ።
ሥራዋ ቀላል ነው፤ የጋለውን ማብረድ፣
የተኛውን መቀስቀስ፣ የጠፋውን ማንደድ፣
ስም ዝርዝር ሲመጣ እንደ ዝርዝሩ መውደድ።

የዛሬውስ ማን ነው?
በብራቲስላቫ ያለ የጫማ ነጋዴ፤
አምስት ሺህ ልብ ሊገዛ አግኝቷል ዘዴ።
አንድ ከንቲባም አለ፣ ድልድዩን ሳይጨርስ
ሦስት ሺህ ምስጋና ያዘዘ ለነገ ቁርስ።
አንድ ገጣሚ ደግሞ፣ ከቫልፓራይሶ፣
ሁለት መቶ ጭብጨባ ጠየቀ፣ ቀንሶ።
(አልስቅበት እኔ፤ ስንኝ የቋጠረ፣
ባዶ ወንበር ቆጥሮ ያላደረ ማን ነበረ?)

ዲየም አትፈርድም። ጣቷን ትሰዳለች፤
ስምንት መቶ ሆና ሰው ታሞግሳለች።
እናቷ ደውላ «ምን ሠራሽ ልጄ?» ስትላት
«ሰው ሳስደስት አደርኩ» አለች፤ አልዋሸቻት።

እነዚህም ስልኮች አዲስ ነበሩ አሉ፤
ሰው በብርድ ተሰልፎ «ደረሰኝ!» ያለባቸው።
በሁለት ክረምት ግን «አሮጌ» ተባሉ፤
አልሞቱም ነበረ፤ ዕድሳት ከለከሏቸው።
ቁጥር መቶ አርባ ሁለት ግንባሩ ላይ ተለጥፏል
የሕፃን ልጅ ኮከብ፤ ግማሹ ተልጧል።
እሱን በሌላ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤
ለምን እንደሆነ እሷም መች ታውቃለች።

አንድ ሌሊት፣ ዝናብ ጣራውን ሲወቅጥ፣
ዝርዝር አልቆ፣ ጣቷ ሥራ ፈቶ ሲቁነጠነጥ፣
በገዛ ስልኳ ላይ አንድ ሽማግሌ አየች፤
የየት አገር እንደሆነ አላወቀችም፣ ግን ቆየች።
ጃንጥላ ይጠግናል። ቃል አይተነፍስም፤
ሙዚቃ የለበትም፣ «ተከተሉኝ» አይልም።
የጎበጠች ሽቦ በጥርሱ መሀል ይዞ፣
ጨርቋን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ተክዞ፣
ሲሰፋ፣ ሲሰፋ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፤
ሩዟ ቀዘቀዘ፣ አላለችም በቃ።
ሲጨርስ ዘረጋት፤ ከአምፖሉ ሥር ቆሞ
ቀዳዳ ፈለገ፤ አጣ፤ ሳቀ ደግሞ።

ያየው ሰው ሦስት ነበር። ከሦስቱ አንዷ ዲየም።
የወደደው የለም።

ማንም ሳይከፍላት፣ ማንም ሳያዛት፣
ልቧ ቀድሞ ሄዶ ተከተለው ጣት።
ዜሮው አንድ ሆነ።

ጥቂት ቆየና ግን መልእክት መጣላት፤
ጨዋ፣ ባለ ማዕረግ፣ ሰላምታ ያለበት፦
«አጠራጣሪ ነገር ከዚህ ስልክ አይተናል፤
የሰው አይመስልምና መውደድዎን ሰርዘናል።»

የጫማው አምስት ሺህ ፍንክች አላለም፤
ከከንቲባው ምስጋና አንድም አልጎደለም።
የገጣሚው ጭብጨባ፣ ያ የድሃ ጭብጨባ፣
እስከ ዛሬ አለ፤ እንደ ላስቲክ አበባ።

ዲየም መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ዝም አለች።
ዓይኗን ከመደርደሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ ሰደደች።
ስምንት መቶውን ሁሉ ማሰለፍ ትችላለች፤
ነውር መስሎ ታያት። አንዱን ብቻ ጠራች፣
ባለ ኮከቡን። ያ በድን፣ ባለቤት የሌለው፣
ወደደላት። ጸና። ማንም አልጠየቀው።

ቀዝቃዛ ሩዟን በላች። ዝናቡ አላባራ።
አራት መቶ ስድስት ጋለ፤ ተነሣች ለሥራ።